ፎቶ አንሱ፣ ለማንም አታሳዩ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ስልክ ካሜራ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ የምለው አለኝ። ጸሐፊው ሰዉ ሁሉ ስልኩን ደግኖ ነው የሚውለው፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ልጅ ሲስቅም የሚያየው በስክሪን ነው፣ ካሜራው ኑሯችንን ነጠቀን ይላሉ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና በዓይናችሁ እዩ ብለውም ይመክራሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። ሌላው ግማሽ ግን ከነከነኝ። ዝም ብዬ ልለፈው ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

ካሜራው ምን በደለ? እኔ ጥፋተኛ የምለው ከካሜራው ኋላ የተሰለፈውን ተመልካች ነው። ፎቶውን ገና ሳናነሳው "ይሄ ስንት ላይክ ያመጣል?" የምንለው ለእሱ ብለን ነው። ፈገግታ የምናስተካክለው፣ የማናውቀውን ደስታ ፊታችን ላይ የምንለጥፈው፣ ሦስቴ አራቴ "እንደገና በደንብ ቁሙ" የምንለው ለእሱ ነው። ያንን ተመልካች አሰናብቱና ካሜራውን ያዙ፤ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ደብዳቤዬ በአጭሩ ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው፣ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ ዲዛይን ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ ለሰው አርማ፣ ፖስተር፣ የመጽሔት ገጽ እሠራለሁ። "ሎጎው ትንሽ ተለቅ ይበል"፣ "ቀለሙ ደስ አላለኝም ግን ምን እንደሆነ አላውቅም"፣ "የመጀመሪያው ይሻል ነበር" — ይሄን የማያውቅ ዲዛይነር የለም። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን በሰው ትእዛዝ ብቻ የሚያይ ዓይን እያደር ይደነዝዛል። አንድ ሰሞን ባዶ ገጽ ከፍቼ ቁጭ እልና ምንም አይመጣልኝም። ያንኑ የድሮ ቀለም፣ ያንኑ የድሮ አቀማመጥ እየቀያየርኩ አስረክባለሁ። ደንበኞቹ አላወቁም፣ እኔ ግን አውቄዋለሁ።

ያኔ ነው ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት። ካሜራ አልገዛሁም፣ ስልኬ በቂ ነበር። ምን አነሳለሁ? እዚህ ላይ ሰው ይስቅብኛል። ግድግዳ ላይ የወደቀ የደረጃ ጥላ። ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ፣ ነፋስ ሲገባበት። ዝናብ የመታው መስታወት። የተላጠ ቀለም። ተደራርበው የቆሙ የፕላስቲክ ወንበሮች። እናቴ አንድ ቀን ስልኬን ተቀብላ ስታገላብጥ ቆይታ "ልጄ፣ ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ያደርግልሃል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ለእሷ የሚሆን መልስ የለኝም፣ የቤተሰብ ፎቶም አነሳላታለሁ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ።

ለራሴ ግን መልስ አለኝ። እነዚህን ፎቶዎች ሳነሳ "ይሄ ይሻላል፣ ያ ይሻላል" የሚለኝ ሰው የለም። ማስረከቢያ ቀን የለም። ፎቶው ቢበላሽ ማንም አይጎዳም። ዓይኔም ቀስ በቀስ ያለ ትእዛዝ ማየት ጀመረ። ከቤት ስወጣ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ አስተውላለሁ። ጥላ ሁሌ ጥቁር እንዳልሆነ፣ በጠራ ሰማይ ስር ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ ያወቅኩት በዚህ ነው፤ ዲዛይነር ሆኜ ይህን ያህል ዓመት ስሠራ በንድፈ ሐሳብ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም ነበር። ከዚያ ሥራ ላይ ስቀመጥ የሆነ ነገር ይመጣል። የግድግዳው ፎቶ በቀጥታ ፖስተር አይሆንም። ግን የሆነ ቦታ የተከፈተ መስኮት አለ፣ አየር ይገባል።

ጸሐፊው ካነሷቸው ነገሮች አንዱ ፎቶ ማንሳት ማስታወስን ይጎዳል የሚለው ነው። ይሄ ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። ሊንዳ ሄንኬል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት አለ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሙዚየም ውስጥ ሰዎችን አዙረው አንዳንዱን ዕቃ ዝም ብለው እንዲያዩ፣ አንዳንዱን ፎቶ እንዲያነሱ አደረጉ። በማግስቱ ሲጠየቁ ፎቶ ያነሱትን ዕቃ ካዩት ያነሰ አስታወሱ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ጥናቱ እዚያ ላይ አያበቃም! ሰዎቹ ካሜራውን አቅርበው የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ የሐውልቱን እጅ ወይም ራስ ሲያነሱ፣ የማስታወስ ጉዳቱ ጠፋ። ያውም ያላነሱትን የቀረውን ክፍል ጭምር አስታወሱ። ለምን ቢባል፣ አንዱን ክፍል መርጦ ለማንሳት ልብ ብሎ ማየት ግድ ይላል። ነገሩ ያለው ካሜራው መኖሩ ላይ ሳይሆን ልባችን የት ነበር የሚለው ላይ ነው።

ሌላም አለ። ክሪስቲን ዲል፣ ጋል ዛውበርማን እና አሊክሳንድራ ባራሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ከ2,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 9 ሙከራዎች አሳትመዋል። ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ካላነሱት ይልቅ በሚያዩት ነገር የበለጠ ተመስጠውና ተደስተው ተገኙ። የሚያዩት ነገር ደስ የማይል ሲሆን ግን ፎቶው ስሜቱን ያባብሰዋል፣ ይሄም መታወቅ አለበት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፎቶ ማንሳት ያየነውን እንድናስታውስ ሲረዳ የሰማነውን እንደሚያስረሳ አሳዩ። ይሄኛው በራሴ ላይ ሲደርስ አይቼዋለሁ። ፎቶ እያነሳሁ ሰው ቢያወራኝ "እ? ምን አልክ?" ነው መልሴ።

ለእኔ ነገሩን የቋጨው ግን በ2018 የወጣው ጥናታቸው ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ፎቶ ለራሳቸው ማስታወሻ የሚያነሱ ሰዎችን በማኅበራዊ ሚዲያ ሊለጥፉት ከሚያነሱ ሰዎች ጋር አወዳደሩ። ሊለጥፉት ያሰቡት በወቅቱ ያገኙት ደስታ ያነሰ ነበር። ምክንያቱም ሰው እንዴት ያየኛል የሚለው ጭንቀት ገና ሲያነሱ አብሯቸው ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ያው ሰው፣ ያው ካሜራ፣ ልዩነቱ ፎቶው ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ነው! ስለዚህ ለጸሐፊው የምለው፣ ምክራችሁ "ስልኩን ኪስ ክተቱ" ከሚሆን "ፎቶውን ኪስ ክተቱ" ቢሆን ደስ ባለኝ።

እንግዲህ "ማንም ካላየው ምን ዋጋ አለው?" የሚል ይመጣል። ብዙ ሰው ጠይቆኛል። አንድ ጓደኛዬ ፎቶዎቼን አስፈቅዶ አየና "አንተ፣ ይሄማ ይሸጣል እኮ! ገጽ ክፈትለት" አለኝ። ደግ ልቡ ነው። ግን ዛሬ አንድ ነገር የሚወድ ሰው ሁሉ ወዲያው ወደ ገቢ እንዲቀይረው ይመከራል። መዝፈን ትወዳለህ? ቻናል ክፈት። መትከል ትወጃለሽ? ሽጪ። ሰው በቃ ዝም ብሎ የሚወደው ነገር ቢኖረው ምን ችግር አለው? እኔ በዚህ ነገር ደረቅ ነኝ። ገጽ ብከፍትለት በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥላውን ትቼ ሰው የሚወደውን ማንሳት እንደምጀምር አውቃለሁ፤ ያኔ ሌላ ደንበኛ አፈራሁ ማለት ነው፣ ያውም የማይከፍል።

የፎቶን ታሪክ ትንሽ ብታገላብጡት ደግሞ ነገሩ ገና ከመጀመሪያው ለራሳቸው ደስታ በሚሠሩ ሰዎች የተሞላ ነው። ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እንግሊዛዊ የሳይንስ ሰው ነበር። በ1833 ጣሊያን ውስጥ ኮሞ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ መልክዓ ምድሩን ሊስል ቢታገል እጁ እምቢ አለው። ሥዕል አይችልም በቃ። ታዲያ ብርሃኑ ራሱ ወረቀት ላይ ቢታተምልኝስ ብሎ ማሰብ ጀመረ። ነጌቲቭ የሚባለውን፣ ብርሃኑ ጥቁር ጥላው ነጭ ሆኖ የሚወጣበትንና ከእሱ ፎቶ የሚታተምበትን መንገድ ያመጣልን ይሄ ሰውዬ ነው። በ1835 ያነሳት የቤቱ መስኮት ነጌቲቭ ዛሬም አለች፣ ከቴምብር ብዙም አትበልጥም።

እኔ አብዝቼ የምወዳት ግን ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ1863 መጨረሻ ላይ ነው። ዕድሜዋ 48 ነበር። ልጇና የልጇ ባል ናቸው በስጦታ ያመጡላት፣ ብቻዋን ስትሆን እንድትዝናናበት ብለው። የዚያን ጊዜ ካሜራ ደግሞ የዛሬው ስልክ አይምሰላችሁ። መስታወት በኬሚካል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንስቶ፣ ሳይደርቅ ማጠብ ነበር። እጅም ልብስም ይጠቁራል። እሷ የከሰል ማስቀመጫዋን ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አደረገችው። ዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ አደረገችው። የቤት ሠራተኞቿን፣ ጎረቤቶቿን፣ እንግዶቿን ሁሉ እያስቀመጠች ፊታቸውን በቅርበት አነሳች። የዘመኑ ፎቶ አዋቂዎች "ፎከስ አታውቅም፣ ሥራዋ ዝርክርክ ነው" ብለው አብጠለጠሏት። እሷ እቴ! ምስሉ ዓይኗን ደስ ካሰኘው እዚያው ላይ ታቆማለች፤ ሌላው የሚፈልገው ጥራት እስኪመጣ አትጠብቅም። ኋላ ላይ ኤግዚቢሽን አሳይታለች፣ ሸጣለችም፣ አልክድም። ግን መንገዱን የመረጠችው ሰው ሲነቅፋት ነው። ዛሬ የነቃፊዎቿን ስም የሚያስታውስ ብዙ ሰው የለም፣ የእሷ ፎቶዎች ግን ታላላቅ ሙዚየሞች ውስጥ ናቸው።

ፈረንሳዊው ዣክ ሄንሪ ላርቲግም አለ። በልጅነቱ ካሜራ ተሰጥቶት ዘመዶቹ ሲዘሉ፣ ሲወድቁ፣ በራሪ ማሽን ሲሞክሩ አነሳ። ራሱን የሚቆጥረው ሠዓሊ አድርጎ ነበር። ዓለም በፎቶ ያወቀው በ1963 ኒውዮርክ ላይ ሲታይለት ነው፣ በ69 ዓመቱ! ቪቪያን ማየር የምትባለው ሞግዚት ደግሞ ከ100,000 በላይ ፎቶ አንስታ ለሰው ሳታሳይ ኖረች። በ2007 ዕቃዋ በጨረታ ሲሸጥ ነው ነገሩ የተገለጠው፤ እሷ በ2009 ሞተች። ሰዎች የእሷን ታሪክ "ምነው በሕይወት እያለች ባወቀች" እያሉ በሐዘን ያወሩታል። እኔ ግን አንዳንዴ፣ ባትፈልግስ ኖሮ? እላለሁ። ማን ጠየቃት? ብዙዎቹን ፊልሞች እንኳን አላሳጠበቻቸውም። ምናልባት የምትፈልገውን ያገኘችው ቁልፉን ስትጫን ነበር።

የደነዘዘ ዓይን ወደሚታደስበት ነገር ልምጣ፣ ዋናው ነገሬ እሱ ነው። አልፍሬድ ስቲግሊትዝ በዘመኑ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ነበር። በ1922፣ ወደ 60 ዓመቱ ሲጠጋ፣ ካሜራውን ወደ ሰማይ አዙሮ ደመና ማንሳት ጀመረ። በ40 ዓመት ሥራ የተማርኩት ነገር ምን እንደሆነ ልየው ብሎ ነው። ደመና ለሁሉም እኩል ነው፤ የታዋቂ ሰው ፊት የለበት፣ ልዩ ቦታ የለበት። ዓመታት ቀጠለበት። ዮሴፍ ሱዴክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ የቼክ አገር ፎቶ አንሺ ነው። በሁለተኛው ጦርነት ፕራግ በጀርመን ስትያዝ ካሜራ ይዞ ውጭ መዞር አደገኛ ሆነ። እሱም የስቱዲዮውን መስኮት ማንሳት ያዘ። እዚያው መስኮት። ጤዛ ሲይዘው፣ ውርጭ ሲይዘው፣ ከኋላው ያለው ዛፍ ሲያብብ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም አላቆመም፣ ከ10 ዓመት በላይ ሄደ።

ሃንጋሪ የተወለደው ፎቶ አንሺ አንድሬ ኬርቴዝ ግን ሌላ ነው፣ እሱን ሳስብ ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ይይዘዋል። ባለቤቱ ኤልዛቤት በ1977 ስትሞት እሱ 83 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ፖላሮይድ የምትባል፣ ፎቶውን ወዲያው የምታወጣ ካሜራ እጁ ገባች። ለሙያ ሰው መጫወቻ ትመስል ነበር። አንዲት ትንሽ የመስታወት ሐውልት ሱቅ ውስጥ አየ፣ የባለቤቱን አንገትና ትከሻ አስታወሰችው። ገዛትና መስኮቱ ላይ አስቀመጣት። በጠዋት ብርሃን አነሳት፣ በማታ ብርሃን አነሳት፣ ከተማው ተገልብጦ ውስጧ ሲታይ አነሳት። ከቤቱ ሳይወጣ። ከ60 ዓመት በላይ ፎቶ ያነሳ ሰው በመጫወቻ ካሜራ እንደገና ጀማሪ ሆነ።

በነገራችን ላይ መንገዱ በተቃራኒውም ይሠራል። ዝነኛው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ካርቲየ ብሬሶን ያን ሁሉ ዓመት ፎቶ አንስቶ በ1970ዎቹ ካሜራውን አስቀመጠና ወደ ልጅነት ፍቅሩ፣ ወደ እርሳስ ሥዕል ተመለሰ። ፎቶ መተዳደሪያው የሆነ ሰው ፎቶ ላያሳርፈው ይችላል። ለሱ ሌላ ነገር ይፈለግለት። እኔ የምጽፈው እንደኔ በሌላ ሥራ ለደከመ ሰው ነው።

አሁን "እሺ፣ በምን ልጀምር?" ለሚል። መጀመሪያ የስልካችሁን ሌንስ ጥረጉት። እየቀለድኩ አይደለም። ኪስ ውስጥ የዋለ ሌንስ በጣት ቅባት ተሸፍኗል፣ "ስልኬ ፎቶ አያነሳም" የሚለው ግማሹ እሱ ነው። ቀጥሎ ፎቶውን ለማቅረብ በጣት ስክሪኑን አትለጥጡት፤ ስልኩ የሚያደርገው ምስሉን ቆርጦ ማስፋት ነው አብዛኛውን ጊዜ፣ ጥራቱ ይጠፋል። እግር አላችሁ፣ ቅረቡ። የሰው ፊት ሲሆን ግን በጣም አትቅረቡ፣ የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ አፍንጫ ያተልቃል፣ ኋላ ተጣልታችሁ ትቀራላችሁ።

ከዚያ ብርሃን። ሌላው ሁሉ ይቆይ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሁሉ ነገር ይጠፋል፣ ዓይን ስር ጥላ ይወድቃል፣ ቀለም ይነጣል። ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላና ማታ ከመጥለቋ በፊት ያለው ጊዜ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ይመጣል፣ ይሞቃል። ያኔ ተራ ድንጋይም መልክ ያወጣል። ሌላ ብልሃት ደግሞ አለ። ስልኩ ሁሉንም ነገር መካከለኛ ብሩህ ሊያደርግ ይፈልጋል፣ ጨለማውን ያነጣዋል። ስክሪኑን ነካ አድርጉና ጣታችሁን ወደ ታች ሳቡት፣ ምስሉ ይጨልማል፤ ብዙ ስልክ ላይ ይሠራል። ጥላው ጥላ ሆኖ ይቀራል። እኔ ይሄን ያወቅኩ ቀን ስልኬ የተቀየረ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ምረጡና እሱኑ ደጋግማችሁ አንሱ። መስኮት ይሁን፣ በር ይሁን፣ መንገድ ላይ ያለች ዛፍ ትሁን። መጀመሪያ ይሰለቻል። በጣም ይሰለቻል እንዲያውም፣ ሁሉን አነሳሁት ትላላችሁ። ከስልቹነቱ በኋላ ነው ማየት የሚጀመረው፤ ምክንያቱም ቀላሉ ፎቶ አልቋል። ይሄን ነገር ሥራዬ ላይ ወስጄዋለሁ፣ አሁን ለአንድ አርማ የመጀመሪያዎቹን ሐሳቦች ቶሎ አልቀበላቸውም።

እዚያው ቆማችሁ አትሰርዙ። ፎቶ አንስቶ ወዲያው ስክሪን ላይ ማየት፣ መሰረዝ፣ እንደገና ማንሳት ከፊታችሁ ካለው ነገር ያወጣችኋል፤ ጸሐፊው የተቆጡበት ነገር በትክክል ይሄ ነው፣ በዚህ አብሬያቸው ነኝ። ጋሪ ዊኖግራንድ የሚባለው የጎዳና ፎቶ አንሺ ያነሳውን ፊልም ሆን ብሎ ሳያጥብ ያቆየው ነበር፣ ሲያነሳ የነበረው ስሜት በፎቶው ላይ እንዳይፈርድለት። ሲሞት ወደ 2,500 ያልታጠበ ፊልም ትቷል፣ እሱ ትንሽ በዛ። ግን ሐሳቡ ያስኬዳል። ሳምንት ቆይታችሁ እዩት። የወደዳችሁት የሚያሳፍር ይሆናል፣ የናቃችሁት ይገርማችኋል። ከነዚያ ውስጥ ጥቂቱን ወረቀት ላይ አሳትሙና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ በሺዎች መሃል ይሰምጣል፣ በእጅ የተያዘ ግን ሌላ ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። "ጥሩ ካሜራ ቢኖረኝ" የሚለው ለአብዛኛው ሰው ሰበብ ነው። ኦስካር ባርናክ ላይካ የምትባለዋን ትንሽ ካሜራ የፈጠራት ከባዱን ካሜራ ተሸክሞ መውጣት ጤናው ስላልፈቀደለት ነው ይባላል፤ በ1925 ለገበያ ወጣች፣ ከዚያ በኋላ ፎቶ ከስቱዲዮ ወጥቶ ከሰው ጋር መሄድ ጀመረ። ጥሩ ካሜራ ማለት የምትወጡበት ነው። አንዴ የዕቃ ፍቅር ከያዛችሁ ደግሞ ፎቶ ማንሳቱን ትታችሁ ስለ ሌንስ ስታነቡ ታድራላችሁ፣ አይቻለሁ።

አንድ ቁም ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። "ለራሴ ነው የማነሳው" ማለት ሰውን ሳያስፈቅዱ ለማንሳት ፈቃድ አይሆንም። የማታውቁት ሰው ፊት የእሱ ነው። በተለይ ልጅ፣ በተለይ ሐዘን ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ የተቸገረ ሰው። ጠይቁ፣ እምቢ ካለ አመስግናችሁ እለፉ። ግድግዳ ማንሳት አንዱ ጥቅሙ ግድግዳ አይቆጣም።

ደግሞም ፎቶ ማንሳት መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ከባድ ነገር ውስጥ ያለ ሰው ጥላ አንሳ ቢሉት ስድብ ነው። ባለሙያ ያስፈልገዋል፣ ሰው ያስፈልገዋል። እኔ የማወራው ስለዚያ ስለ ተራው ድካም ነው፣ ሁሉም ነገር ያየነው ያየነው ሲመስለን ስለሚመጣው። እሱንም ቢሆን ሁሌ አያባርረውም። ወጥቼ አንድም የረባ ሳላነሳ የምመለስበት ቀን ብዙ ነው። በእግሬ ተንቀሳቀስኩ እላለሁ፣ ያ ነው።

እንግዲህ ለእናንተ ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ፎቶ በጻፋችሁ ቁጥር ወይ "እንዴት ተወዳጅ ፎቶ እናነሳለን" ነው፣ ወይ ውድድር ነው፣ ወይ እንደ ሰሞኑ ስልካችሁን ጣሉ ነው። ሌላ ነገር ሞክሩ። በሳምንት አንድ ትንሽ ቦታ ስጡና አንባቢ ለራሱ ብሎ ያነሳውን አንድ ፎቶ አትሙ። ስም የሌለው። ሽልማት የሌለው። "የሳምንቱ ምርጥ" የሚል ነገር የሌለበት። ከስሩ ደግሞ ፎቶው ስለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ጽሑፍ እንዳትጨምሩ፣ አንባቢው ይየው። "ለማንም አታሳዩ ስትል ቆይተህ?" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ይጋጫል። ግን ስምና ነጥብ ከሌለ ያ የምፈራው ተመልካች ሰውየውን አያገኘውም፣ ሌላው አንባቢ ደግሞ "እንዲህም ማንሳት ይቻላል እንዴ?" ብሎ ስልኩን አውጥቶ ይሞክር ይሆናል።

ገጹን ብትጀምሩት በየሳምንቱ አነባችኋለሁ። የኔን ግን አልልክም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ